ቴፕ ላይ ባክአፕ ሲሠራ ኮምፒውተሩ ለምን ይወድቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሰርቨር የሚይዙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው።

ሰርቨሩ ቀኑን ሙሉ ደህና ነው፤ የቴፕ ባክአፕ ሲጀምር ብቻ ይወድቃል። የተበላሸው ካሴቱ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ካሴቱ ቢበላሽ የባክአፕ ፕሮግራሙ መጻፍ እንዳልቻለ ተናግሮ ሥራውን ያቋርጣል እንጂ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይዞት አይወድቅም። ሲስተሙ ራሱ እንዲወድቅ ከከርነሉ (ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነገር መበላሸት አለበት፦ ድራይቨር (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም)፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ፣ መቆጣጠሪያ ካርድ (ዲስኩንና ቴፑን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው) ወይም የኤሌክትሪክ አቅርቦት።

ባክአፕ ሰርቨሩ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የከበደው ነው። ቀን ቀን ሠራተኛው የሚከፍተው ጥቂት ፋይል ነው። ሌሊት ግን ለዓመታት ማንም ያልነካው ፋይል ሳይቀር ይነበባል፣ በጸረ ቫይረስ ይፈተሻል፣ ይጨመቃል፣ በሜሞሪ አልፎ ወደ ቴፑ ይጻፋል፤ ይህም ለሰዓታት ያለ እረፍት። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ የጭነት መኪና ሞተሩ መድከሙ የሚታወቀው ደንገጎ ዳገት ላይ ነው፤ የሰርቨርም ድካም በባክአፕ ሌሊት ይወጣል። ስለዚህ «እስኪጠገን ባክአፑን እናቁመው» የሚለውን ውሳኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ጉድለቱ ባክአፕ ስላልሠራን አይጠፋም፤ በሌላ ቀን ይመጣል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ቅጂ የለንም።

ባክአፑ መቋረጡና ሲስተሙ መውደቁ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጠዋት ገብተው ባክአፑ አለማለቁን ሲያዩ አራት የተለያዩ ነገሮች ደርሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ፕሮግራሙ ብቻ ስህተት ሰጥቶ ቆሞ ሰርቨሩ ግን እየሠራ ከሆነ ጉዳዩ የካሴት፣ የፈቃድ ወይም የተከፈተ ፋይል ነው። ስክሪኑ ደርቆ ማውስም ኪቦርድም የማይታዘዝ ከሆነ ሲስተሙ የማይመጣ መልስ እየጠበቀ ነው። ሰማያዊ ስክሪን ካለ ከርነሉ አደጋ አይቶ ራሱን አቁሟል። ሰርቨሩ ምንም ሳይናገር ጠፍቶ እንደገና ከተነሳ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤሌክትሪክ ነው።

ዊንዶውስ ሲወድቅ ራሱን በራሱ እንዲያስነሳ ተደርጎ ስለሚመጣ ሰማያዊው ስክሪን ሌሊት ታይቶ ይጠፋል፤ ጠዋት የገባው ሰው የሚያየው የመግቢያ ገጹን ብቻ ነው። በሲስተም ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ በሚለው ቦታ ገብተው በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምልክት ያንሱት። እዚያው ላይ የሜሞሪ ደምፕ (ሲስተሙ ሲወድቅ በሜሞሪ ውስጥ የነበረው ቅጂ) መመዝገቡን ያረጋግጡ። ደምፑ እንዲጻፍ የፔጅ ፋይሉ (ዊንዶውስ እንደ ተጨማሪ ሜሞሪ የሚጠቀምበት የዲስክ ፋይል) ሲስተሙ ባለበት ዲስክ ላይ መኖር አለበት፤ ቦታ ለመቆጠብ ፔጅ ፋይሉን ያጠፉ ሰርቨሮች ሲወድቁ ምንም ማስረጃ አይተዉም።

ሲወድቅ መጀመሪያ ምን ማድረግ አለብኝ?

አያጥፉት፤ ፎቶ ያንሱት። በስልክዎ የስክሪኑን፣ የቴፕ ማሽኑን መብራቶችና የመቆጣጠሪያ ካርዱን መብራት ያንሱ። ከዚያ የመጨረሻው ፋይል ስም፣ ስንት ጊጋባይት እንደተጻፈና ስንት ሰዓት እንደነበር ይጻፉ። ይህን ለተከታታይ ውድቀቶች ካደረጉ ወረቀቱ ራሱ መንገዱን ያሳያል። ሁልጊዜ አንድ ፋይል ላይ ከሆነ ዲስኩን፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ከሆነ ከባክአፑ ጋር የሚጋጭ ሌላ ሥራን፣ ከተጀመረ ከሆነ ጊዜ በኋላ ከሆነ ሙቀትን፣ ካሴት ሲገባ ወይም ሲጠቀለል ከሆነ ድራይቨሩንና ገመዱን፣ ምንም ሥርዓት ከሌለው ሜሞሪንና ኤሌክትሪክን ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ኢቨንት ቪወርን (የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ) ይክፈቱ። ቁጥር 41 እና 6008 ሲስተሙ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን፣ 1001 ደግሞ በሰማያዊ ስክሪን መውደቁን ይናገራሉ። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምመለከተው ከእነዚህ በፊት ባሉት ደቂቃዎች የተመዘገበውን ነው። ቁጥር 7 የዲስክ መጥፎ ቦታ፣ 11 የመቆጣጠሪያ ስህተት፣ 129 መልስ ላጣ ዕቃ የተላከ ዳግም ማስጀመሪያ፣ 153 ተደጋግሞ የተሞከረ ንባብ ወይም ጽሕፈት ነው። እነዚህ ከ41 በፊት ተደርድረው ከተገኙ ፍለጋው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

የኮምፒውተሩን መዝገብ ከጥበቃው መዝገብ ጋር ሳስተያይ ሰዓቱም ቀኑም አይገጥምም። ለምን?

ይህ እኛ ዘንድ የሚያጋጥም ነው፤ ብዙ ሰውም «መብራት አልጠፋም ነበር» ብሎ በስህተት የሚደመድመው እዚህ ላይ ነው። ሰርቨሩ 02:00 ብሎ የመዘገበው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ጥበቃው መብራት የጠፋበትን «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ ችኩል ሰው ሄዶ 08:00 ላይ ይፈልገዋል፤ እዚያ ደግሞ ምንም የለም።

ቀኑም ይለያያል። በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማክሰኞ ገብቷል፤ ጥበቃው ግን ተረኛ ሆኖ የገባው ሰኞ ማታ ስለሆነ መዝገቡ ላይ ሰኞ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብሎ እንዲጽፍ ቢስማሙ ግራ መጋባቱ ይቀራል። የሰርቨሩን የሰዓት ቀጠናም ይመልከቱ፤ ዊንዶውስ ላይ የእኛ ቀጠና ናይሮቢ የሚለው ሲሆን ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል። ከውጭ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰርቨር በሌላ ቀጠና እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለው ቁጥር ምን ይነግረኛል?

አቅጣጫ ይሰጣል፤ ፍርድ አይሰጥም። በዲ1 የሚያልቀው ቁጥር አንድ ድራይቨር መንካት የሌለበትን የሜሞሪ ቦታ መንካቱን ያሳያል፤ በቴፕ ባክአፕ ጊዜ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች የቴፑና የመቆጣጠሪያ ካርዱ ድራይቨሮች ናቸው። 133 አንድ ድራይቨር ከተፈቀደለት በላይ ጊዜ መውሰዱን ይናገራል። 7ኤ ሲስተሙ ከዲስክ ሊያነበው የፈለገው ገጽ አለመገኘቱን ነው፤ እዚህ ላይ ዲስኩን፣ ገመዱንና ካርዱን ይመርምሩ። 124 ከሆነ ፕሮሰሰሩ ራሱ የሃርድዌር ስህተት አስታውቋል፤ ሶፍትዌር በመቀያየር ጊዜ አያጥፉ። 50 ከሜሞሪም፣ ከድራይቨርም፣ ከጸረ ቫይረስም ሊመጣ ይችላል።

ስክሪኑ ላይ የፋይል ስም ካለ ይጻፉት። በሚኒደምፕ ማኅደር ውስጥ ያለውን ፋይል ኢንተርኔት ወዳለበት ሌላ ኮምፒውተር ወስደው በዊንዲበግ (ደምፕ ማንበቢያ ፕሮግራም) ቢከፍቱት የወደቀውን ድራይቨር ስም ብዙ ጊዜ ያወጣል። አንድ ጥንቃቄ፦ ደምፑ የሚጠቅሰው ድራይቨር አንዳንዴ ሌላው ያበላሸውን ሜሞሪ ያነሳ ንጹሕ ነው። ቢያንስ ሁለት ሦስት ደምፖች ተመሳሳይ ስም ካላወጡ አይመኑት።

ድራይቨሩን አዘመንኩት፤ አሁንም ይወድቃል። ሌላ ምን ቀረ?

ምናልባት ድራይቨሮቹ በዝተዋል። አንድ የቴፕ ማሽን ላይ ሦስት አለቃ ሊቀመጥበት ይችላል፦ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ድራይቨር፣ የማሽኑ አምራች የሚሰጠው፣ እና የባክአፕ ፕሮግራሙ ይዞት የመጣው። ከዚህ በፊት ተጭኖ የነበረና በደንብ ያልተነቀለ ሌላ የባክአፕ ፕሮግራም ካለ ደግሞ አራተኛ ተጨመረ። ሁሉም ማሽኑን ማዘዝ ሲፈልጉ ግጭቱ ከርነል ውስጥ ይሆናል።

የባክአፕ ፕሮግራምዎ የትኛውን እንደሚደግፍ መመሪያውን ያንብቡና ያን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ይንቀሉ። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ የተቀመጠውን ፕሮግራም) እና የካርዱን ፈርምዌር እርስ በርስ የሚስማሙ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ፈርምዌር ሲቀይሩ መብራት ቢሄድ ማሽኑ ዳግም ላይነሳ ስለሚችል ይህን ያለ አስተማማኝ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያሠራ መሣሪያ) በፍጹም አይሞክሩት።

የቴፕ ማሽኑን ዲስኮቹ ባሉበት ሬይድ ካርድ (ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ የሚያሠራ ካርድ) ላይ መሰካት ይቻላል?

ባይሰካ ይሻላል። ምክንያቱን ማወቅ ግን ያስፈልጋል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ በየቢሮው በዚህ መንገድ የተገጠመ ሰርቨር አይጠፋም። ዲስክ ለታዘዘው ነገር በአፍታ ይመልሳል። ቴፕ ግን ሌላ ነው፤ የአምስተኛው ትውልድ ኤልቲኦ (የታወቀ የቴፕ ዓይነት) ካሴት ውስጥ 846 ሜትር ቴፕ ተጠቅልሏል። «ወደ መጀመሪያው ተመለስ» ሲባል ከደቂቃ በላይ ሊወስድበት ይችላል፤ ሙሉ ማጥፋት ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። የዲስክን ፍጥነት የሚጠብቅ ካርድ ይህን ዝምታ እንደ ሞት ይቆጥረውና መስመሩን በሙሉ ዳግም ያስጀምራል። በዚያው ካርድ ላይ ያሉት ዲስኮችም ለጊዜው ይሰወራሉ። ዊንዶውስ ፔጅ ፋይሉን ሊያነብ ሲል ዲስክ የለም፤ ይወድቃል። ኢቨንት ቪወር ላይ የ129 መደርደር ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው።

መፍትሔው ለቴፕ ማሽኑ ብቻ የሚሆን ተራ የሳስ ካርድ (ዲስክና ቴፕ ማገናኛ) መግጠም ነው፤ ሬይድ የሌለው። ማሽኑ የድሮው ባለ ስካዚ (የቆየ የማገናኛ ዓይነት) ከሆነ ደግሞ የመስመሩን ሁለት ጫፎች በእጅዎ ይዳስሱ። በመጨረሻው ዕቃ ላይ ተርሚኔተር (የመስመሩ ጫፍ መዝጊያ) መኖር አለበት፤ መሐል ላይ መኖር የለበትም። ሁለተኛ እጅ ተገዝቶ የመጣ ማሽን ተርሚኔተሩ መንገድ ላይ ወልቆ ሊቀር ይችላል፤ ያለሱም ትንሽ ፋይል ይጽፍና ጭነት ሲበዛ መስመሩ ይታወካል። የገመዱን ፒኖች በባትሪ መብራት ይዩዋቸው፤ አንዲት የተጣመመች ፒን ለዚህ ሁሉ ትበቃለች። ሲያበሩ መጀመሪያ የቴፕ ማሽኑን፣ ቀጥሎ ሰርቨሩን ያብሩ። ስካዚ ገመድ ኤሌክትሪክ እያለ አይነቀልም፣ አይሰካምም።

ሁልጊዜ አንድ ማኅደር ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ምን ልሞክር?

ያን ማኅደር ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱት፤ ቴፑን ምንም ሳይነኩ። ቅጂውም ላይ ከቆመ ወይም ከወደቀ ቴፑ ነጻ ወጣ፤ ያለዎት የዲስክ ችግር ነው። ለዓመታት ያልተከፈተ የደመወዝ ወይም የፎቶ ማኅደር ያለበት የዲስክ ክፍል ቢበላሽ ከባክአፕ ሌላ የሚደርስበት የለም።

ቼክ ዲስክን (የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ) ለማስኬድ አይቸኩሉ። እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ ሙሉ ፍተሻ ማድረግ የቀረችውን ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ሊታደጉት የሚችሉትን ፋይልም ሊቆርጥብዎት ይችላል። መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ያውጡ፣ ከዚያ የዲስኩን የስማርት መረጃ (ዲስኩ ስለ ጤንነቱ ራሱ የሚመዘግበውን) ይዩ፣ ፍተሻው በመጨረሻ ይምጣ።

ዩፒኤስ አለን። ታዲያ ኤሌክትሪክ እንዴት ምክንያት ሊሆን ይችላል?

ዩፒኤስ መኖሩና ዩፒኤሱ መሥራቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቁጥር 41 ተመዝግቦ ደምፕ ከሌለ፣ የዝግጅቱ ዝርዝር ውስጥም የቡግቼክ ኮዱ (የሰማያዊው ስክሪን ቁጥር) 0 ከሆነ፣ ሲስተሙ ለመናገር እንኳ ጊዜ ሳያገኝ ኃይል አጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የዩፒኤስ ባትሪ ዕድሜ የሚሰላው ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል የሚባል የታወቀ ስሌት አለ። ስለዚህ ድሬዳዋ ሳቢያን ወይም ከዚራ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ለዓመታት የኖረ ባትሪ አምራቹ ቃል የገባለትን ያህል አይኖርም። አረንጓዴ መብራቱ በርቶ እያለ ጭነት ሲመጣ ለሰከንዶች ብቻ ሊቆይ ይችላል።

ፈተናው ቀላል ነው። ሰርቨሩን በወጉ ይዝጉ፤ በዩፒኤሱ ላይ ተመጣጣኝ ጭነት ይስጡና ከግድግዳው ይንቀሉት፤ ምን ያህል እንደሚቆይ ይለኩ። ሌላው የሚረሳ ነገር የሰርቨሩ ኃይል ማከፋፈያ (ፓወር ሰፕላይ) እና የዩፒኤሱ አለመጣጣም ነው፤ ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡትን የተቆራረጠ ሞገድ አንዳንድ ዘመናዊ ማከፋፈያዎች አይቀበሉትም፣ መብራት እንደሄደ ወዲያው ይዘጋሉ።

የቴፕ ማሽኑ ውጫዊ ከሆነ እሱም ከሰርቨሩ ጋር እዚያው ዩፒኤስ ላይ ይሁን። ሰርቨሩ በዩፒኤስ፣ ማሽኑ ግድግዳ ላይ ባለ ዲቫይደር ሲሰኩ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ማሽኑ በሥራ መሐል ይጠፋል፤ ሰርቨሩም ከእጁ የተነጠቀውን ዕቃ ሲፈልግ ሊደርቅ ይችላል። ሌዘር ፕሪንተር ደግሞ ከዩፒኤሱ ላይ ይውረድ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ለአፍታ ሁሉንም ሊጥል ይችላል። ኤሌክትሪሺያን ሲመጣ የኧርዙን መስመር እንዲለካ ይጠይቁት፤ በአሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ሦስተኛው ቀዳዳ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ሊገኝ ይችላል።

የድሬዳዋ ሙቀት በእርግጥ ሲስተም ይጥላል? ባክአፑ የሚሠራው ሌሊት ነው እኮ።

ይጥላል፤ ሌሊት መሆኑም ሁልጊዜ አያድንም። ብዙ አምራቾች የቴፕ ማሽን ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠራ ይመክራሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ የውጭው አየር ብቻውን ይህን ወሰን ሊያልፍ ይችላል። የቢሮው ሁኔታ ደግሞ ይብሳል። ቀኑን ሙሉ ኤሲ ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ የመጨረሻው ሰው በቅንነት ኤሲውን ያጠፋል፣ መስኮቱን ይዘጋል፣ በሩን ይቆልፋል። ግድግዳውና ጣሪያው ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ወደ ውስጥ ይመልሱታል። ባክአፑ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ በታሸገ ክፍል ውስጥ፣ በቀኑ ከባዱ ሥራ ላይ።

አንድ ርካሽ ቴርሞሜትር፣ ከፍተኛውን የሚያስታውሰውን ዓይነት፣ ከቴፕ ማሽኑ አየር ማስገቢያ ፊት ያስቀምጡና ጠዋት ያንብቡት። ከዚህ የተሻለ አነስተኛ ወጪ አላውቅም። ቁጥሩ ከፍ ካለ ኤሲው ሌሊት እንዲሠራ አለቃዎን በቁጥሩ ያሳምኑ፤ ካልተቻለ ባክአፑን ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ እንዲጀምር ያዛውሩት፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት የሚያልቅ ከሆነ። የሰርቨሩን አቧራ በብሎወር ያስወጡ፤ ሲነፉ የማራገቢያዎቹን ክንፍ በጣትዎ ይያዙ፣ በነፋስ ብቻ እንዳይሽከረከሩ። የቴፕ ማሽኑን ግን ከውስጥ አይንፉት፤ አቧራው ወደ ማንበቢያ ጭንቅላቱ ይሄዳል። ለእሱ ማጽጃ ካሴት አለው፣ ማሽኑ ሲጠይቅ ብቻ ይሰጠው።

ሐረር ቀዝቃዛ ናት፤ እኛ ዘንድ ይህ ችግር የለም አይደል?

ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሙቀቱ በእጅጉ ይቀላል። ነገር ግን ካሴት በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚያመላልሱ መሥሪያ ቤቶች ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በመኪና ውስጥ የሞቀ ወይም ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሞቃት የመጣ ካሴት ወዲያው ማሽን ውስጥ አይግባ። በማሽኑ ክፍል ውስጥ እስከ 24 ሰዓት አሳርፉት። እርጥበት ያዘለ ወይም የተዘረጋ ቴፕ የጽሕፈት ስህተት ያበዛል፤ ማሽኑም ደጋግሞ ሲሞክር የሚፈጠረው መዘግየት ከላይ ወዳየነው የካርድ ዳግም ማስጀመር ሊያመራ ይችላል።

ማሽኑ ወደፊት ወደኋላ እያለ ድምፅ ያሰማል፤ ሰርቨሩም ይንቀራፈፋል። ይህ የመውደቅ ምልክት ነው?

በራሱ አይደለም። ዲስኩ ለቴፑ ፍጥነት የሚበቃ ዳታ ማቅረብ ሲያቅተው ማሽኑ ይቆማል፣ ትንሽ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይጀምራል። የአምስተኛው ትውልድ ኤልቲኦ በሰከንድ እስከ 140 ሜጋባይት ይፈልጋል፤ እልፍ ትንንሽ ፋይል የሞላበት አሮጌ ዲስክ ይህን አይሰጥም። ቴፑንና ጭንቅላቱን ስለሚያደክም ግን አይተዉት። መጀመሪያ ወደ ዲስክ ባክአፕ አድርጎ ያንን ትልቅ ፋይል ወደ ቴፕ ማውረድ ጥሩ ዘዴ ነው።

ጸረ ቫይረሱን ማጥፋት ይኖርብኛል?

ለዘለቄታው አይጥፋ። ለአንድ ሌሊት ለፈተና ያህል ከኔትወርክ ነቅለው ማጥፋት ግን ብዙ ይናገራል፤ ያን ሌሊት ካልወደቀ የጸረ ቫይረሱ ድራይቨር ከባክአፑ ጋር እየተጋጨ ሊሆን ይችላል። ማጥፋት ብቻ አንዳንዴ ድራይቨሩን አያወርደውም፣ መንቀል ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ አዲሱን ስሪት ይጫኑና የባክአፕ ፕሮግራሙን ከፍተሻ ያግልሉ።

ሰዓቱንም ያለያዩ። ዊንዶውስ 10 አውቶማቲክ ጥገናውን በነባሪ የሚጀምረው 02:00 ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ባክአፑንም የሚያስቀምጠው እዚያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። የጸረ ቫይረሱ ሙሉ ፍተሻ ሲጨመር ሦስት ከባድ ሥራ በአንድ ደቂቃ ይነሳል።

የሒሳብ ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ባክአፕ መሥራቱ ሲስተም ይጥላል?

አይጥልም፤ የሚያመጣው ሌላ ጉዳት ነው። ክፍት የሆነው ዳታቤዝ ይዘለላል ወይም ግማሽ ተጽፎ ይቀዳል። ፒችትሪንም ሆነ ሌላ የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀም ሁሉ ማታ ወጥቶ መዝጋት አለበት። የሻዶው ኮፒ (ዊንዶውስ ክፍት ፋይሎችን ለመቅዳት የሚያነሳው ቅጽበታዊ ቅጂ) ቦታ ማነስም ባክአፑን ያቋርጣል እንጂ ሲስተሙን አይጥልም።

አዲስ ሰርቨር ከገዛን በኋላ ቴፑ ጭራሽ አይታይም። ምን ሆነ?

ከድሮው ዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የባክአፕ ፕሮግራም፣ ኤንቲባክአፕ፣ ቴፕ ያውቅ ነበር። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ የመጣው የዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ ግን ቴፕ ላይ አይጽፍም፤ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የካሴቱንም ትውልድ ይመልከቱ፦ ስምንተኛው የኤልቲኦ ማሽን ሰባተኛውን ያነባል፣ ስድስተኛውን ግን አያነብም።

ሲስተሙ በጽሕፈት መሐል ወድቆ ካሴቱ ውስጥ ቀረ። አሁን ምን ላድርግ? ዳታውስ?

በመርፌም በመፍቻም አይጎርጉሩት። ማሽኑን ያብሩና ይተዉት፤ ቴፑን ወደ መጀመሪያው እስኪመልስ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ከዚያ የማስወጫ ቁልፉን ይጫኑ።

ቴፕ ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ በተራ ስለሚጻፍ ቀደም ባሉት ሌሊቶች በወጉ የተዘጉ ቅጂዎች በአብዛኛው ይነበባሉ። የጎደለው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ «ዳታው እዚህ ያበቃል» የሚለው ምልክት ሳይጻፍ ቀርቷል። የኤልቲኦ ካሴት ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕም ያለፈውን ሳትመዘግብ ስለምትቀር ማሽኑ መጨረሻውን ሲፈልግ ሊዘገይ ይችላል። በዚያ ካሴት ላይ አይቀጥሉበት፤ ፕሮግራሙ አዲስ አድርጎ ልክፈተው ሲል እሺ አይበሉ። የመጻፍ መከላከያውን ይዝጉ፣ ቀኑንና «የወደቀበት» ብለው ይጻፉበት፣ አዲስ ካሴት ያስገቡ።

ችግሩ እስኪገኝ ድረስ ዳታውን በምን ልጠብቀው?

አስፈላጊውን ማኅደር በየቀኑ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይቅዱና ዲስኩን ነቅለው ከሰርቨሩ ክፍል ያውጡት። የመጨረሻው ጤነኛ ካሴት ደግሞ ከሕንፃው ውጭ፣ ቢቻል ከከተማው ውጭ ይቀመጥ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ ምን እንዳደረገ ድሬዳዋ ታውቃለች፤ ሰርቨሩና ካሴቱ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ከሆኑ አብረው ይሄዳሉ። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቀዝ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ ቅርንጫፍ ያለው መሥሪያ ቤት ካሴቱን በየሳምንቱ የማይልክበት ምክንያት አይታየኝም።

ሊኑክስ ላይስ?

ምርመራው ያው ነው፤ ካርድ፣ ገመድ፣ ሜሞሪ፣ ኃይል። አንድ ሂደት ከ120 ሰከንድ በላይ መልስ አጥቷል የሚል የከርነል መልእክት በቴፕ ጊዜ ቢያዩ ግን ሲስተሙ ወደቀ ማለት አይደለም፤ ቴፑን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ የከርነል መውደቅ ከሆነ ኬደምፕን (የሊኑክስን ደምፕ መመዝገቢያ) አስቀድመው ካላዘጋጁ ማስረጃ አይቀርልዎትም።

ሁሉንም ሞከርኩ፤ አሁንም አልፎ አልፎ ይወድቃል። እንዴት ልለየው?

መንገዱን ለሁለት ይክፈሉት። በመጀመሪያው ሌሊት ያንኑ ባክአፕ፣ ያንኑ ዳታ፣ በቴፕ ፋንታ ወደ ሌላ ዲስክ ይላኩ። ከወደቀ ቴፑ፣ ካርዱና ገመዱ ነጻ ናቸው፤ የንባቡን ወገን ይመርምሩ። በሁለተኛው ሌሊት ዲስኮቹን ሳይነኩ የማሽኑ አምራች በሚሰጠው መፈተሻ ቴፑ ላይ ብቻ ለሰዓታት ያስጽፉ፤ ኤችፒኢም አይቢኤምም ለማሽኖቻቸው ይህን ያቀርባሉ። እዚህ ከወደቀ የንባቡ ወገን ነጻ ነው። ሁለቱም ለየብቻ ደህና ሆነው አብረው ሲሠሩ ብቻ ከወደቀ የሚቀሩት ሁለቱን የሚያገናኙት ናቸው፦ ሜሞሪ፣ ኃይል ማከፋፈያ፣ ሙቀት፣ ወይም የሁለት ድራይቨሮች ግጭት። በፈተናው ወቅት በአንድ ሌሊት አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ካርድም ድራይቨርም ዩፒኤስም በአንዴ ቀይሮ «ተስተካከለ» ያለ ሰው የትኛው እንደነበር አያውቅም፣ ሲመለስበትም ከዜሮ ይጀምራል።

ሜሞሪን በሜምቴስት ሌሊቱን ሙሉ ይፈትኑት፤ አንድ ዙር አይበቃም። ስህተት ካሳየ ሜሞሪዎቹን አንድ በአንድ እያወጡ የጥፋተኛውን ማስቀመጫ ወይም ካርድ ይለዩ። ድራይቨር ቬሪፋየር የመጨረሻው መሣሪያ ነው፦ ድራይቨሮችን አስጨንቆ ጥፋተኛውን እንዲወድቅ ያደርጋል፤ ሲስተሙ ጭራሽ እንዳይነሳም ሊያደርግ ስለሚችል ሙሉ ቅጂ በእጅዎ ሳይኖርና በሴፍ ሞድ ገብተው እንዴት እንደሚያጠፉት ሳያውቁ አይጀምሩት።

ከተጠገነ በኋላ በእርግጥ መዳኑን እንዴት አውቃለሁ?

አንድ ሌሊት አለመውደቁ አይበቃም። ሙሉ ባክአፕ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ሌሊት ሌሊት ያሠሩ፤ አንዱን ደግሞ ሆን ብለው ከቀትር በኋላ በሙቀቱ ሰዓት። ኢቨንት ቪወር ላይ 129፣ 153 እና 11 ከነጭራሹ መጥፋታቸውን ይዩ፤ ሳይወድቅም እነዚህ ከቀጠሉ ችግሩ አለ።

ከዚያ መልሰው ያንብቡት። ከካሴቱ አንድ ሙሉ ማኅደር ወደ ባዶ ቦታ ይመልሱ፤ ፋይሎቹን የሚያውቃቸው የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኛ ራሱ ከፍቶ፣ የሰኔ 30 መዝጊያ ቁጥሮች ትክክል መሆናቸውን በዓይኑ አይቶ ይፈርም። ቢቻል በሌላ የቴፕ ማሽን ላይም ይሞክሩት፤ ጭንቅላቱ የተዛነፈ ማሽን የጻፈውን ራሱ አንብቦ ሌላው ላያነበው ይችላል።